ቦሽኮቪች በቢጫ ማሊያ፦ ከእሁዱ ጨዋታ በፊት የጦፈው ክር

የባሕር ዳር ልጆች በምንሰባሰብበት የውይይት መድረክ የመረብ ኳስ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ጭር ያለ ነው። እግር ኳሱ ጋ ሌት ተቀን ጩኸት ነው። እዚህ ግን በሳምንት አንድ ጽሑፍ ከወጣ ተመስገን ነው። ሰሞኑን አንድ ክር (አንድ ጥያቄ ከነመልሶቹ ሰንሰለት) ተከፍቶ እንደ ጉድ ጦፈ። ሰበቡ ቫኪፍባንክ እና ኤጅዛጂባሺ በፊታችን እሁድ በቱርክ የሴቶች ሊግ ኢስታንቡል ላይ መገናኘታቸው ነው። ክሩ ረጅም ነው፣ መናቆርም አለበት። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ዋና ዋናውን ላውራ። ያልተስማማሁበትን ግን ዝም ብዬ አላልፍም።

ክሩን የከፈተው ልጅ ጥያቄ የሚጠይቅ መስሎ ነው የገባው። እሁድ ማን ያሸንፋል ብሎ ይጀምርና ሁለት መስመር ሳይሄድ ራሱ ይመልሰዋል። በእሱ ቤት ኤጅዛጂባሺ አልቆለታል። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ሰው ነው፦ ቲያና ቦሽኮቪች። ሰርቢያዊቷ ግራኝ አጥቂ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢስታንቡል ገብታ አሥር የውድድር ዘመን የኤጅዛጂባሺን ብርቱካናማ ማሊያ ለበሰች። በ2025 ወደ ቀንደኛው ተቀናቃኝ ወደ ቫኪፍባንክ ተሻገረች። ልጁ እንደሚለው የዓለም ሻምፒዮናን በ2018 እና በ2022 ያነሳች፣ ሁለቱንም ጊዜ ኮከብ ተጫዋች የተባለች ልጅ ከአንዱ ወጥታ ወደ ሌላው ስትገባ ሚዛኑ በሁለት ሰው ነው የሚያጋድለው። እዚህ የጎደለው እዚያ ይደመራል። መጨረሻ ላይ ጨዋታውን ባሕር ዳር ውስጥ የት ማየት እንደሚቻል ጠየቀ። ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ኋላ ላይ ያመጣችውን ጣጣ እናያለን።

መልስ 1 በጨዋ ደንብ ሰላምታ አቅርቦ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። መልስ 2 ሰዓት አረመ። ልጁ የኢስታንቡልን ሰዓት ወደ እኛ ሲመልስ አንድ ሰዓት ጨምሮ ነበር። ቱርክ ከ2016 ጀምሮ በበጋና በክረምት ሰዓት መቀያየሯን ትታለች። ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናት። እነሱ 19 ሰዓት ካሉ እኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነን፣ አለቀ። ጠቃሚ መልስ ነው። ስንት ጊዜ ነው ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚደርሰው።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ከረረ። ይሄ ሰው ታሪክ ያውቃል፣ ማወቁን ደግሞ አይደብቅም። ኤጅዛጂባሺ የሊጉን ዋንጫ 28 ጊዜ አንስቷል አለ፤ ከ1973 እስከ 1989 ባለው ጊዜ ያለማቋረጥ 17 ጊዜ። መጨረሻ ያነሳው ግን በ2012 ነው። እንግዲህ ቁጠሩ አለ። ቦሽኮቪች የገባችው በ2015፣ የወጣችው በ2025። በእነዚያ አሥር ዓመታት ኤጅዛጂባሺ የሊግ ዋንጫ አላየም። እሷ እያለችም ያልበላ ቡድን እሷ ስትሄድ ምን ይጎድልበታል? የከፈተውን ልጅ ሳይሰድብ ነው የጨረሰው፣ ግን ከስድብ የማይተናነስ ፈገግታ አለበት።

መልስ 4 ከሴት ተጫዋች የመጣ ነው። ራሷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደምትጫወት ከዚህ በፊት ጽፋለች። የሊጉ ነገር እውነት ነው ብላ ጀመረችና ግን ግማሽ እውነት ነው አለች። በቦሽኮቪች ዘመን ኤጅዛጂባሺ የዓለም ክለቦች ሻምፒዮናን በ2016 እና በ2023 ወስዷል። የ2023ቱን የወሰደው ደግሞ ሃንግዡ ላይ ቫኪፍባንክን ራሱን በፍጻሜው አሸንፎ ነው። የአውሮፓ ሴቭ ካፕን በ2018 እና በ2022 አንስቷል። ሊግ አላነሳችም ማለትና ምንም አላደረገችም ማለት ይለያያሉ። መልስ 3ን በስም ጠርታ፣ ወንድሜ ቁጥር ስትጠቅስ ሙሉውን ጥቀስ አለችው። እኔ በበኩሌ ክሩ ውስጥ ካሉት መልሶች ከሦስቱ ምርጦች አንዱ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

መልስ 5 የከፈተው ልጅ ነው። የ4ኛዋን ሐሳብ ለራሱ አደረገና ይኸው አልኳችሁ አለ። እንዲያ እያለች በሷ ዋንጫ ያገኘ ቡድን ያለሷ ምን ሊሆን ነው ማለቱ ነው። ከዚያ መልስ 6 መጣ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። የሴቶች ጨዋታ ምን ይታያል፣ መረቡም ዝቅ ያለ ነው የሚል ዓይነት ነው። 4ኛዋ ልጅ በ7 ተመለሰች። የሴቶች መረብ 2.24 ሜትር፣ የወንዶች 2.43 ሜትር መሆኑን ነገረችውና እሱ ከየትኛውም በላይ ዘሎ ኳስ መትቶ እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ቀጥላ ቱርክን አነሳች። በዚያ አገር የመረብ ኳስ ብርቅዬዎች ሴቶቹ ናቸው። ብሔራዊ ቡድናቸው በ2023 በአንድ ክረምት የኔሽንስ ሊግንም የአውሮፓ ሻምፒዮናንም ወሰደ፤ የአውሮፓውን ፍጻሜ ያሸነፉት ሰርቢያን 3 ለ 2 ነው። 6ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ጥሩ አደረገ።

8 እና 9 የአዲስ ሰው ጥያቄና መልስ ናቸው። አንዱ ስለ ነጥብ አሰጣጥ ጠየቀ፣ ሌላው በትዕግሥት አስረዳ። 3 ለ 0 ወይም 3 ለ 1 ያሸነፈ ሦስት ነጥብ ይወስዳል፣ ተሸናፊው ባዶ ነው። 3 ለ 2 ካለቀ አሸናፊው ሁለት፣ ተሸናፊው አንድ ይካፈላሉ። አምስተኛው ዙር እስከ 15 ብቻ ነው፣ ሌሎቹ እስከ 25። በሁለቱም የሁለት ነጥብ ልዩነት ያስፈልጋል። ይህን ያመጣሁት ወደ ኋላ ስለሚጠቅመን ነው። ኤጅዛጂባሺ እሁድ ተሸንፎም ቢሆን ባዶ እጁን ላይወጣ ይችላል።

10ኛውን የጻፉት እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን አልተናገሩም፣ ግን ከአጻጻፋቸው ሁላችንም ወዲያው አንቱ ማለት ጀመርን። በወጣትነታቸው በመሥሪያ ቤቶች ውድድር መረብ ኳስ ይጫወቱ ነበር። አዳራሽ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሜዳው አፈር ነው፣ መስመሩ ኖራ ነው። ጨዋታው ከሥራ በኋላ ስለሆነ ከሰዓት ከጣና የሚነሳው ነፋስ አለ። ዕጣ ሲወጣ የባሕር ዳር ልጆች ሰርቭ (ኳሱን መትቶ ጨዋታ ማስጀመር) አንጠይቅም ነበር፣ ጎን ነበር የምንጠይቀው አሉ። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ የሚመታ ሰው ኳሱ አየር ላይ ቀጥ ይልና ድንገት ይወርዳል። የማያውቁ ቡድኖች መጥተው ረጃጅም መቺ ይዘው ተሸንፈው ይሄዱ ነበር፤ ምክንያቱም ኳሱ ከመጀመሪያዋ ተቀባይ እጅ በደንብ አይወጣም፣ መቺዋ ጋ አይደርስም። ከዚያ እሳቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ልጆቼ፣ ስለምታወሩላት ልጅ ሰማሁ፣ ግን ከሁለቱ ቡድን ሰርቭ የሚቀበለው የቱ ነው የሚሻለው?

ያናደደኝ ነገር ይሄ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስት መልሶች ጥያቄውን አልመለሱም። 11ኛው እናቴ ዕድሜ ይስጥልኝ ብሎ አመሰገነና ሄደ። 12ኛው ቦሽኮቪች ስንት ሜትር ከፍ ብላ እንደምትመታ ማውራት ጀመረ። 13ኛው የቫኪፍባንክ 73 ተከታታይ ድል የዓለም ሪከርድ ነው አለ። ይህንን 4ኛዋ ወዲያው አረመችው። 73ቱ በ2012 ተጀምሮ ጥር 2014 ላይ የቆመ ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የጣሊያኑ ኢሞኮ ኮኔልያኖ በ2021 መጨረሻ 76 አድርሶ አልፎታል። ልጅቷ ቁጥር ላይ ምሕረት የላትም።

ጥያቄውን ያነሳው 14ኛው ነው። ፔዳ ግቢ አካባቢ የስፖርት መምህር ነው። እናታችን የጠየቁት የጨዋታው ቁልፍ ነው ብሎ ጀመረና ጸሐፊው የሰሌዳ ልምድ እንዳለው በሚያስታውቅ አኳኋን አስረዳ። ቡድን ሰርቭ ሲቀበል ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰው ነው የሚቀበለው፤ ሁለቱ የግራ መስመር አጥቂዎችና ሊቤሮዋ። ሊቤሮዋ ያቺ የተለየ ቀለም ማሊያ የምትለብሰው ናት። ብሎክ አታደርግም (መረቡ ላይ እጇን ዘርግታ ምት አትከላከልም)፣ ከመረብ በላይ ያለ ኳስ አትመታም፣ ሥራዋ መቀበልና ማዳን ነው። ቦሽኮቪች የምትጫወትበት የኦፖዚት (የቀኝ መስመር አጥቂ) ቦታ ግን በአብዛኛው ከመቀበል ነፃ ነው። እሷ የተቀመጠችው ለመምታት ነው። ስለዚህ ቫኪፍባንክ እሷን ሲያመጣ አቀባበሉ በአንድ ጣት አልተሻሻለም፤ ከኤጅዛጂባሺ ስትሄድም አቀባበላቸው አልጎደለም።

መምህሩ ቀጠለ። ኳሷ በደንብ ተቀብላ መረቡ አጠገብ ከደረሰች ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻቸው ሴተሯ እንደ ልቧ ናት። መሐል ላይ ፈጣን ኳስ ትሰጣለች፣ ወደ ግራ ትልካለች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ። ብሎክ የሚያደርጉት ሰዎች ይገምታሉ፣ ግማሹን ይሳሳታሉ። የቫኪፍባንኳ ዜህራ ጉኔሽ ያን ሁሉ ቁመት ይዛ መሐል ላይ የምታስፈራው እንዲህ ያለ ኳስ ስታገኝ ነው። ኳሷ ከመረብ ርቃ ከቆመች ግን መሐል ላይ ያለችው ከጨዋታ ወጣች ማለት ነው። የሚቀረው ከፍ ያለ ኳስ ወደ ዳር መላክ ብቻ ነው። እዚያ ሁለት ሦስት ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው እኔም የጻፍኩት፣ 15ኛው መልስ የኔ ነው። ከመምህሩ ጋር እስከ መጨረሻው ድረስ አልሄድኩም። ቦሽኮቪች ሰርቭ አትቀበልም፣ እውነት ነው። ግን የመጥፎ አቀባበል ዋስትና ማለት እሷን የመሰለች ናት። ኳሱ ተበላሽቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ብሎኩ ተደራጅቶ ሲጠብቅ ከዚያ ውስጥ ነጥብ የሚያወጣ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በሌላ አነጋገር ቫኪፍባንክ እሁድ ክፉኛ ቢቀበልም ይተርፋል። ኤጅዛጂባሺ ክፉኛ ከተቀበለ ግን አይተርፍም። ስለዚህ የእናታችን ጥያቄ ለሁለቱም እኩል አይደለም፣ ለኤጅዛጂባሺ ነው የሚከብደው። ከዚህ የተነሳ ጨዋታው የሚወሰነው በመምቻው ሳይሆን በመቀበያው ነው፤ በተለይ ክሩ ላይ ማንም ስማቸውን ባልጠራቸው በሦስቱ የኤጅዛጂባሺ ተቀባዮች።

አንድ ሌላ ነገርም ጨመርኩ። ለአሥር ዓመት አንድ ቡድን ቦሽኮቪችን ይዞ ሲኖር ጭንቅ ሲመጣ ኳሱ ወደ እሷ እንደሚሄድ ተመልካቹም ተጋጣሚውም ያውቃል። የ23 እኩል ኳስ ለማን ትሰጣለች የሚባል ጥያቄ አልነበረም። አሁን ጥያቄው አለ። ተጋጣሚ መገመት አለበት። ይሄ ለኤጅዛጂባሺ ትርፍ ሊሆን ይችላል። እዳው ደግሞ ወደ ቫኪፍባንክ ተዛወረ፤ ሁሉን ለእሷ የመስጠት ፈተና አሁን የእነሱ ሴተር ፈተና ነው።

16ኛው ጥሩ ነጥብ ነው ብሎ ጣልያናዊውን አሠልጣኝ አነሳ። ጆቫኒ ጊዴቲ ቫኪፍባንክን ከ2008 ጀምሮ ይዞታል። ቦሽኮቪችን ደግሞ በ2023 እና በ2024 የሰርቢያን ብሔራዊ ቡድን በያዘበት ጊዜም በቅርብ አሠልጥኗታል። ስለዚህ ሁሉን ለአንድ ሰው የመስጠትን አደጋ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው አለ። ጊዴቲ የሚመራው ክለብ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን በ2011፣ በ2013፣ በ2017፣ በ2018፣ በ2022 እና በ2023 የወሰደ ነው። የ2023ቱ ፍጻሜ ቱሪን ላይ ሁለቱ ኢስታንቡሎች ራሳቸው የተገናኙበት ነበር። ቫኪፍባንክ 3 ለ 1 አሸነፈ። ያኔ ለቫኪፍባንክ ትመታ የነበረችው ጣልያናዊቷ ፓኦላ ኤጎኑ ነበረች፣ በሌላኛው ወገን ያለችው ደግሞ ቦሽኮቪች። ይሄን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ያኔም የተባለው የሁለት መቺዎች ጦርነት ነው።

17 ወሬ ነው። ጊዴቲ ባለቤቱ የራሱ ክለብ ተጫዋች የነበረችው ባሃር ቶክሶይ መሆኗን ነገረን። 18 ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ስለ ብሎክ ይጨቃጨቁ ይሆን ብሎ ቀለደ። ከ19 እስከ 21 የሳቅ ምልክት ብቻ ነው። ይለፈን።

22ኛው ወደ መናቆሩ ተመለሰ። የከፈተውን ልጅ የድሮ ጽሑፎች ቆፍሮ አወጣ። ልጁ ለዓመታት የኤጅዛጂባሺ ደጋፊ ነኝ ሲል እንደነበር አስታወሰውና ቦሽኮቪች ስትሄድ አብሮ ተሻግሮ ቢጫ ለበሰ አለው። በሁለት ቢላ የሚበላ ደጋፊ ምን ዓይነት ደጋፊ ነው? ልጁ በ23 ተቆጥቶ መለሰ። ሰው ክለብ ብቻ ነው የሚደግፈው ያለው ማነው፣ እኔ የምደግፈው ተጫዋቿን ነው አለ። እውነት ለመናገር እኔ በዚህ ከልጁ ጋር ነኝ። ኢስታንቡል ሄዶ የማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ ስለ ባንክና ስለ መድኃኒት ፋብሪካ ምን ግድ አለው። የወደደው አንዲት ግራኝ ልጅ ስትመታ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ክሩ መንገድ የሳተው። 24ኛው ክህደት ክህደት ነው፣ የጣና ሞገዶቹ (የባሕር ዳር ከነማ እግር ኳስ ቡድን) ኮከብ ተነስቶ ጎንደር ፋሲል ቢገባ ምን ትላላችሁ ብሎ ጻፈ። እሳት ላይ ቤንዚን ማለት ይሄ ነው። 25ኛው ከጎንደር የሚጽፍ ሆኖ ተገኘ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን እናንተ የት ነበራችሁ ብሎ ጠየቀ። 26ኛው ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ መብቃቱን አስታወሰ። 27 ሁለተኛነት ዋንጫ አለው ወይ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ 29 ሄደ። መረብ ኳስ የሚለው ቃል በነዚያ መልሶች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። የሚገርመው ሁለቱም ከተሞች የአንድ ሐይቅ ጎረቤቶች ናቸው።

30ኛው አንድ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከነማን ለከነማ ክፍል ተዉት ብሎ ጠቃሚ ነገር አነሳ። ቫኪፍባንክ ማለት የመንግሥት ባንክ ያቋቋመው ክለብ ነው። ኤጅዛጂባሺ የተመሠረተው በ1966 ነው፣ ከጀርባው መድኃኒት በመሥራት የተነሳ ትልቅ ኩባንያ አለ። ሁለቱም የእግር ኳስ ክለብ ቅርንጫፍ አይደሉም። እዚህ አገርም ባንክ ለሴቶች ስፖርት ገንዘብ ሲያወጣ ምን እንደሚሆን አይተናል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በ2024 በሞሮኮው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተጫውቷል። ታዲያ መረብ ኳሱስ ብሎ ጠየቀ። ደመወዝ የሚከፍል፣ አዳራሽ የሚሰጥ፣ ለዓመታት የማይሰለች ድርጅት ካለ ልጆቹ አሉ። 10ኛዋ እናት በ31 መጥተው እንዴታ አሉ። እሳቸው ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ለልምምድ ሰዓት ይፈቅድ እንደነበርና ማሊያ ይሰጥ እንደነበር ነገሩን። ቡድኑ የፈረሰው ልጆቹ ስለደከሙ ሳይሆን ፈቃዱ ስለቀረ ነው። እዚህ ላይ ክሩ ለአፍታ ጨዋ ሆነ። ብዙ ሰው አንቱ እያለ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም ለያንዳንዱ መለሱ።

ከዚያ የት እንይ የሚለው ጥያቄ ተመለሰ። 33ኛው ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱን ጠቆመ፤ ትልቅ ስክሪን አለው። ችግሩ እሁድ ምሽት የእንግሊዝ እግር ኳስ አለ፣ ባለቤቱ ደግሞ ለሴቶች መረብ ኳስ ብሎ ቻናል አይቀይርም። 34ኛዋ ስምንት ሰው ሆነን ከሄድንና ካዘዝን ይቀይራል አለች። መብራት ቢጠፋስ ያለም አለ። ስልክ ላይ እናያለን ያለም አለ። ዳታ ማን ይገዛል ያለም አለ። 36ኛው እግረ መንገዳችንን የተጠበሰ ቆሮሶ እንበላለን ብሎ አፉ ውኃ እየሞላ ጻፈ።

ይቺ ናት ጣጣዋ። ሁዳዴ ነው። 37 በጾም ዓሣ እንዴት ነው የምትበላው ብሎ ቆጣ አለ። 38 ዓሣ ደም የለውም ዓይነት ክርክር ይዞ መጣ። 39 አባቶች ምን እንዳሉ ጠይቅ አለው። 40 እኔ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር ባይ ነኝ አለ። ይሄ ክርክር ሐይቅ ዳር ባደገ ሰው መሐል መቼም አያልቅም፣ እኔ አልገባበትም። መድረኩን የሚቆጣጠረው ሰው 41 ላይ ገብቶ ዓሣውን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ አለ። ሽሮ ይኖራል፣ እሱን እናዛለን።

42 ላይ 3ኛው ታሪክ አዋቂ ተመለሰ። እዚህ ሁሉ ስለ ቫኪፍባንክና ኤጅዛጂባሺ ስትሟገቱ በ2023 እና በ2024 የሊጉን ዋንጫ የወሰደው ፌነርባህቼ ነው አለ። ሜሊሳ ቫርጋስ ያለችው እዚያ ነው። በ2025 ቫኪፍባንክ መልሶ ወሰደው። ስለዚህ እውነተኛው ተቀናቃኝ ሌላ ቦታ ነው ማለቱ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ተቀናቃኝነት በዋንጫ ብቻ አይለካም። ባለ 28 ዋንጫው ክለብ በትልቁ ልጁ ላይ ሰርቭ ሲመታ ማየት፣ እሷም በድሮ ጓደኞቿ ብሎክ ላይ ስትመታ ማየት፣ ይሄን የነጥብ ሰንጠረዥ አይነግርህም።

ሰዎች ግምት ስጥ ስላሉኝ 43ኛው ላይ ሰጠሁ። የመጀመሪያው ዙር የቫኪፍባንክ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ቦሽኮቪች ስሜቷን ለመቆጣጠር ጊዜ አይፈጅባትም፣ ኤጅዛጂባሺ ግን እሷን ብሎክ ማድረግ ሲለምድ ጥቂት ኳስ ያልፈዋል። ልምምድ ላይ ለዓመታት ከጎኗ የቆሙ ልጆች አሉ፣ የምትወደውን መስመር ያውቃሉ፤ ይሄ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ መታየት አለበት። የኤጅዛጂባሺ ሰርቭ ደግሞ ወደ ሊቤሮዋ መሄድ የለበትም። ወደ ግራ መስመር አጥቂዋ መሄድ አለበት፤ እየተቀበለች እንድትመታ ማድከም። ሊቤሮዋን እያነጣጠረ የሚመታ ቡድን ካየሁ ጨዋታውን ትቼ ሽሮዬን እበላለሁ። ቫኪፍባንክ 3፣ ኤጅዛጂባሺ 2 ብዬ ጨረስኩ።

44ኛዋ ያቺው የቁጥር ልጅ ናት። 3 ለ 2 የሚል ሰው ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም የሚጽፍ ነው አለችኝ። እሷ ኤጅዛጂባሺ 3 ለ 1 ብላለች፣ ምክንያቷንም አልሰጠችም። 45ኛው የከፈተው ልጅ ነው፤ ቫኪፍባንክ 3 ለ 0፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ። እናታችን በ46 ውጤት አልገመቱም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰርቮች ቁጠሩ፣ ስንቱ በደንብ እንደተቀበለ ጻፉልኝ፣ እኔ መብራት ካለ ቤቴ ሆኜ አያለሁ አሉ። 47ኛው ስምንት ሰው ሞልቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። እስከ አሁን ስድስት ነን።